ቆሻሻን ለመቀነስና መልሶ ለመጠቀም የሚሰጡ ሽልማቶች

ቆሻሻን ለመቀነስና መልሶ ለመጠቀም የሚሰጡ ሽልማቶች፣ ደረቅ ቆሻሻ ከምንጩ እንዲያንስ፣ በየዓይነቱ እንዲለይ ወይም ወደ ጥሬ ዕቃነት እንዲመለስ በማድረግ ከሌሎች ልቀው የተገኙ ከተሞች፣ መንደሮች፣ የነዋሪ ማኅበራት፣ የንግድ ድርጅቶችና ግለሰቦች ከመንግሥታት፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ከግል ተቋማት የሚያገኟቸው የክብር፣ የገንዘብና የምስክር ወረቀት እውቅናዎች ናቸው። ደረቅ ቆሻሻ የሚባለው ከመኖሪያ ቤት፣ ከገበያ፣ ከቢሮና ከፋብሪካ የሚወጣው ፈሳሽ ያልሆነ ውዳቂ ነው። የዓለም ባንክ በ2018 ያወጣው ጥናት በ2016 በዓለም ዙሪያ 2.01 ቢሊዮን ቶን የማዘጋጃ ቤት ደረቅ ቆሻሻ እንደወጣ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም በ2050 መጠኑ 3.4 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምቷል፤ ወደ ጥሬ ዕቃነት የተመለሰው ግን 13.5 በመቶ፣ ኮምፖስት የሆነው ደግሞ 5.5 በመቶ ብቻ ነበር (በዚህ መጣጥፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)።

በዘርፉ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። ቅነሳ ማለት ዕቃው ከመነሻው ቆሻሻ እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ ዳግም መጠቀም ዕቃውን ቅርጹን ሳይለውጡ ደጋግሞ መገልገል ነው፣ የለስላሳ ጠርሙስ ታጥቦ እንደገና እንደሚሞላው፤ መልሶ ማምረት ወይም ሪሳይክል የሚባለው ደግሞ ዕቃውን ፈጭቶ፣ አቅልጦ ወይም ዘፍዝፎ የሌላ ዕቃ ጥሬ ዕቃ ማድረግ ነው። የኔዘርላንድስ ምክር ቤት አባል የነበሩት አድ ላንሲንክ በ1979 ቅነሳን ከላይ፣ ዳግም መጠቀምንና መልሶ ማምረትን ቀጥሎ፣ ማቃጠልን ከእነርሱ በታች፣ መቅበርን ደግሞ ከሁሉም በታች ያስቀመጠ ቅደም ተከተል ለምክር ቤቱ አቀረቡ፤ ይህም በስማቸው «የላንሲንክ መሰላል» ተባለ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 ባወጣው መመሪያ ተመሳሳዩን ቅደም ተከተል ሕጋዊ አደረገው። ሽልማቶቹ ግን መሰላሉን የወጡት ከታች ጀምረው ነው። በመጀመሪያ የተሸለመው ቆሻሻን ከዓይን ማራቅ ነበር፣ ቀጥሎ መልሶ ማምረት መጣ፣ ቅነሳ በራሱ ለሽልማት የሚያበቃ ሥራ ተደርጎ መቆጠር የጀመረው ከሁሉም ዘግይቶ ነው።

ከመንገድ ጽዳት የተነሣ ውድድር

ከነባሮቹ ውድድሮች አንዱ የአየርላንድ ቱሪዝም ቦርድ በ1958 የጀመረው «ታይዲ ታውንስ»፣ ማለትም «ጽዱ ከተሞች» የተሰኘው ነው። ዓላማው ጎብኚን መሳብ በመሆኑ መጀመሪያ የሚታየው የአደባባዩ ጽዳት፣ የአጥሩ ቀለምና የአበባው ይዞታ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት 52 ከተሞችና መንደሮች ቀርበው በዶኔጎል አውራጃ የምትገኘው ግሌንቲስ አሸነፈች። ውድድሩ እስከ ዛሬ የቀጠለ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የቆሻሻና የሀብት አጠቃቀም ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሆኗል። ዳኞቹ በበጋ ወራት ቀን ሳያሳውቁ መጥተው ከተማውን ያያሉ፤ አሸናፊው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ተወዳዳሪም ምን እንዳማረለትና ምን እንደጎደለው የሚገልጽ የጽሑፍ ዘገባ ይደርሰዋል። ከዋንጫው ይልቅ ፍሬ ያለው ክፍል ይህ ዘገባ ነው ማለት ይቻላል፤ ያልተሸለመ መንደርም ለቀጣዩ ዓመት የሥራ ዝርዝር ይዞ ይቀራልና።

በአሜሪካ ነገሩ የተጀመረው በሌላ መንገድ ነው። በ1953 የቨርሞንት ግዛት ምክር ቤት ተመልሶ በማይሞላ ጠርሙስ ቢራ መሸጥን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች የተሳተፉበት «ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል» የተሰኘ ድርጅት ተመሠረተ። ድርጅቱ ለአሥርት ዓመታት በየመንገዱ ቆሻሻ እንዳይጣል ሲቀሰቅስና ጽዱ ለሆኑ ከተሞችና ቡድኖች እውቅና ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ የቨርሞንቱ ሕግ ግን ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም። ተቺዎች ከዚህ ተነሥተው እንዲህ ያለው ሽልማት የጣይውን ሰው ጥፋት ብቻ እያሳየ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዕቃ በገፍ የሚያመርተውን ኩባንያ ኃላፊነት ይሸፍናል ይላሉ። ትችቱ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው ባይባልም፣ ሸላሚው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ምን ይሸለማል ከሚለው እንደማይነጠል ያሳያል።

ኢንዶኔዥያ በ1986 ለንጹሕ ከተሞች መስጠት የጀመረችው የአዲፑራ ሽልማት ከአየርላንዱ ጋር ተመሳሳይ ጉዞ አድርጓል። በየካቲት ወር 2005 በባንዱንግ አቅራቢያ የሉዊጋጃ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ140 በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ፣ አደጋው የደረሰበት ቀን በአገሪቱ ብሔራዊ የቆሻሻ ጉዳይ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ሽልማቱም ከመንገዶች ጽዳት ባሻገር ቆሻሻው መጨረሻ የሚደፋበትን ቦታ ይዞታ ይመዝናል።

መቶኛው እንዴት ይሰላል

ዛሬ አብዛኞቹ ሽልማቶች በአንድ ቁጥር ላይ ያተኩራሉ፦ ከወጣው ቆሻሻ ውስጥ ስንት እጁ ከመቀበርና ከመቃጠል ዳነ? ይህ ቁጥር ለማነጻጸር ቢመችም አሳሳች ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ከተሞች «መልሰን አመረትን» ብለው የሚመዘግቡት በተለየ ገንዳ የሰበሰቡትን ሁሉ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የምግብ ቅባት የነካው ካርቶን፣ የተደባለቀ ፕላስቲክና ፋብሪካ የማይቀበለው ሌላ ነገር ኋላ ተለቅሞ ቢጣልም ከመቶኛው አይቀነስም። ቻይና ከ2018 መግቢያ ጀምሮ የውጭ አገር የፕላስቲክና ያልተለየ የወረቀት ውዳቂ ወደ ግዛቷ እንዳይገባ ስትከለክል፣ በምዕራብ አገሮች ተለይቶ ከተሰበሰበው ምን ያህሉ በባሕር ተጭኖ ሲሄድ እንደነበር በግልጽ ታየ፤ የሚሄድበት ያጣው ውዳቂ በየመጋዘኑ ተከመረ፣ ከፊሉም ወደ ማቃጠያና ወደ መቅበሪያ ሥፍራ ተመለሰ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ አባል አገሮች መቁጠር ያለባቸው ቆሻሻው ተለቅሞና ጸድቶ መልሶ ወደሚመረትበት ሂደት በሚገባበት ነጥብ ላይ እንዲሆን ያዘዘው በዚህ የተነሣ ነው፤ በአዲሱ አቆጣጠርም በ2025 ወደ 55 በመቶ፣ በ2035 ወደ 65 በመቶ መድረስ ግዴታ ሆኗል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይጠልቃል። የአንድ መንደር ነዋሪዎች የታሸገ ውኃ መግዛት ቢያቆሙ ለሪሳይክል የሚሰበሰበው ፕላስቲክ ስለሚያንስ የመንደሩ መቶኛ ዝቅ ይላል፤ ብዙ ገዝቶ ብዙ የሚለየው ጎረቤት መንደር ግን ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህም በሙያው የበሰሉ ዳኞች መቶኛውን ትተው በአንድ ሰው ስሌት በዓመት ስንት ኪሎ ያልተለየ ቆሻሻ ቀረ ብለው መጠየቅን ይመርጣሉ። ለንግድ ድርጅቶች ከሚሰጡት የምስክር ወረቀቶች መካከል በአሜሪካ የተጀመረው «ትሩ» የተባለው በበኩሉ አንድ ሕንጻ ወይም ፋብሪካ በ12 ወራት ውስጥ በአማካይ ቢያንስ 90 በመቶ ቆሻሻውን ከመቀበርና ከመቃጠል እንዲያድን ይጠይቃል፤ ለኃይል ማመንጫነት የተቃጠለውም ቢሆን እንደዳነ አይቆጠርለትም።

ካፓኖሪና ካሚካትሱ

በቶስካና ክልል በሉካ ከተማ አጠገብ የምትገኘው፣ 46 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት የጣልያን ማዘጋጃ ቤት ካፓኖሪ፣ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሥራ በቅርበት ለማየት የምትመች ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአካባቢው የቆሻሻ ማቃጠያ ሊተከል ሲታቀድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የሆኑት ሮሳኖ ኤርኮሊኒ ነዋሪውን አስተባብረው ተቃወሙ፤ ዕቅዱ ሲሰረዝም «እንግዲያው ቆሻሻው የት ይሂድ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የማግኘቱ ሥራ በተቃዋሚዎቹ ላይ ወደቀ። በ2005 በጥቂት ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት የተለየ ቆሻሻ መሰብሰብ ተጀመረ፤ በ2007 ማዘጋጃ ቤቱ «ዜሮ ቆሻሻ» የሚለውን ስልት በመቀበል በአውሮፓ ቀዳሚ ሆነ፤ በ2012 ደግሞ ክፍያው እንደ ብዛቱ የሚሰላበት ሥርዓት ተዘረጋ፣ ይኸውም ያልተለየው ቆሻሻ በሚወጣበት ከረጢት ላይ መለያ ተለጥፎ መኪናው ሲያነሣው ስለሚመዘገብ፣ ጥቂት ያወጣ ቤተሰብ ጥቂት ይከፍላል። ከ2004 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የአንድ ሰው የቀን ቆሻሻ ከ1.92 ኪሎ ወደ 1.18 ኪሎ ወረደ፤ ተለይቶ የሚሰበሰበው ድርሻም ከ80 በመቶ አለፈ።

በ2010 የተከፈተው የካፓኖሪ የምርምር ማዕከል ሥራው በአመዛኙ የቀረውን ከረጢት ፈትቶ መመርመር ነው። መርማሪዎቹ ሊለይ ያልቻለውን ሲዘረዝሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የሕፃናት ዳይፐሮችና ትንንሽ የቡና ካፕሱሎች በብዛት አገኙ፤ ካፕሱሉ ፕላስቲክ፣ አልሙኒየምና የቡና አተላ አንድ ላይ የተጣበቁበት በመሆኑ የትኛውም ገንዳ አይቀበለውም። ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪውን ከመውቀስ ይልቅ ከታላላቅ የቡና ኩባንያዎች ጋር ስለ ካፕሱሉ አሠራር ለመነጋገር ተቀመጠ፣ ለሚታጠቡ ዳይፐሮችም ድጎማ አደረገ። ጉዳዩን ወደ አምራቹ የመለሰው ይህ እርምጃ ከመቶኛው ይልቅ የሚያስመሰግን ይመስላል። ኤርኮሊኒ በ2013 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን አግኝተዋል፤ ሪቻርድና ሮዳ ጎልድማን በ1989 በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋሙት ይህ ሽልማት ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ከስድስቱ የዓለም ክፍሎች ለሚመረጡ በሕዝብ መካከል ለሚሠሩ ሰዎች ይሰጣል።

በጃፓን ሺኮኩ ደሴት፣ በቶኩሺማ አውራጃ ያለችው የካሚካትሱ መንደር ደግሞ 1,500 ያህል ነዋሪ ብቻ ይዛ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች የበለጠ ተወርቶላታል። መንደሯ የነበሯት ትንንሽ ማቃጠያዎች ዳዮክሲን የተባለውን መርዛማ ንጥረ ነገር የሚገድበው ሕግ ሲጠብቅ ሥራ አቆሙ፤ አዲስ ለመትከል አቅም ስላልነበራት በ2003 እስከ 2020 ቆሻሻን ላለማቃጠልና ላለመቅበር እሠራለሁ ብላ አወጀች። የቆሻሻ መኪና የላትም፤ ነዋሪው ያወጣውን ራሱ ወደ ጣቢያው አምጥቶ ከ40 በላይ በሆኑ ምድቦች ይለየዋል፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይም ዕቃው ወዴት እንደሚሄድና ለመንደሯ በኪሎ ስንት ገቢ ወይም ወጪ እንደሚያመጣ ተጽፏል። አጠገቡ ያለው «ኩሩኩሩ» የተባለ መደብር ያለገንዘብ የሚሰጥበትና የሚወሰድበት ሲሆን፣ ወሳጁ ዕቃውን መዝኖ ክብደቱን መመዝገብ ብቻ ይጠበቅበታል። የተወሰነው ጊዜ ሲደርስ መንደሯ በ80 በመቶ አካባቢ ቆመች፤ የቀረው ዳይፐር፣ የቆዳ ጫማ፣ ጎማና ከተለያየ ነገር የተጣበቀ ዕቃ ነበር፣ ይህም በነዋሪ ትጋት ሳይሆን በአምራች ውሳኔ ብቻ የሚፈታ ነው። ግቡ ሳይሞላ መቅረቱ ዝናዋን አልቀነሰም፤ አዲስ አዋጅ አውጥታ እስከ 2030 ቀጥላለች፣ ቆሻሻ ለመቀነስ የሚጥሩ ሱቆቿና ምግብ ቤቶቿም የምስክር ወረቀት አግኝተዋል።

በደረጃ ሰንጠረዥ መወዳደር

ሕንድ በ2016 «ስዋች ሰርቬክሻን» በሚል ስም የጀመረችው የከተሞች የጽዳት ምዘና በስፋቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ መጀመሪያ 73 ከተሞችን፣ በማግስቱ ዓመት 434 ከተሞችን መዝኖ፣ ቀስ በቀስ በሺህ የሚቆጠሩትን አዳርሷል። ነጥቡ ከሰነድ፣ ከመስክ ምርመራና ከነዋሪው አስተያየት ተደምሮ ይሰጣል። የመጀመሪያው ዓመት አሸናፊ ማይሱሩ ስትሆን፣ ከ2017 ጀምሮ ግን ኢንዶር አንደኝነቱን ይዛ አልለቀቀችም፤ ነዋሪዋ ቆሻሻውን በስድስት ዓይነት ይለያል፣ በ2022 የተመረቀው ፋብሪካዋም በቀን 550 ቶን የምግብ ትርፍራፊ ተቀብሎ ለአውቶቡሶች ነዳጅ የሚሆን ጋዝ እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በየዓመቱ ያቺው ከተማ ስትሸለም የሌሎቹ ወኔ መላላቱ አልቀረምና፣ አዘጋጆቹ ደጋግመው ያሸነፉትን ለብቻ የሚያወዳድር ልዩ ምድብ አበጅተው የቀሩትን ከተሞች እርስ በርስ እንዲፎካከሩ አድርገዋል።

በአፍሪካ ኪጋሊ በ2008 የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም የክብር ጥቅል የተሰኘውን ሽልማት ስታገኝ፣ ሩዋንዳ በዚያው ዓመት ፌስታልን በሕግ አግዳለች፤ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነዋሪው የሚወጣበት ኡሙጋንዳ የተባለው የጋራ ሥራም ለከተማዋ ጽዳት በምክንያትነት ይጠቀሳል።

የለቃሚዎቹ ድርሻ

በብዙ ታዳጊ አገሮች ውዳቂን መልሶ ወደ ፋብሪካ የሚያደርሰው ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን በእጁ የሚለቅመው ድሃ ነው፤ ሽልማቶቹ ግን ለረጅም ጊዜ አላዩትም። በካይሮ ሞቃጠም ተራራ ሥር የሠፈሩት ዛባሊን የተባሉት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ከሚሰበስቡት እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን መልሰው ጥቅም ላይ እንደሚያውሉ ይገመታል፤ ይህ ካፓኖሪና ካሚካትሱ ከተወደሱበት መጠን ጋር የሚስተካከል ነው። ከእነርሱ ጋር ለዓመታት የሠሩት፣ ለሴቶች ከጨርቅ ቁርጥራጭ ምንጣፍ የሚሸመንበትን ሥልጠና ያስፋፉት ላይላ ኢስካንደር በ1994 የጎልድማን ሽልማትን ወሰዱ፣ በ2013 ደግሞ የግብፅ የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በመካከሉ ግን ከተማዋ የሰብሳቢዎቹን ሥራ ለውጭ ኩባንያዎች በኮንትራት ሰጥታ ነበር፤ በ2009ም በአሳማ ጉንፋን ሥጋት የምግብ ትርፍራፊውን የሚበሉት አሳማዎቻቸው በመንግሥት ትእዛዝ ታረዱ፣ ትርፍራፊውም በየመንገዱ ተከመረ። ሽልማት በራሱ ከእንዲህ ያለ ውሳኔ አያድንም።

የቦጎታው ታሪክ በቅደም ተከተሉ ይለያል። ከለቃሚ ቤተሰብ የተወለዱትና የከተማዋን የለቃሚዎች ማኅበር የመሩት ኖራ ፓዲያ ከባልንጀሮቻቸው ጋር መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2003ና በ2011 በሰጣቸው ውሳኔዎች ከተማዋ የጽዳት ጨረታ ስታወጣ ለቃሚዎቹን ማግለል እንደማትችል ወሰነ። ከመጋቢት 2013 ጀምሮም ለቃሚው ያመጣው በታወቀ መመዘኛ ጣቢያ ተመዝኖ፣ ከዕቃው ሽያጭ በተጨማሪ ለሰጠው አገልግሎት በኪሎ ይከፈለው ጀመር። ፓዲያ ከኤርኮሊኒ ጋር የጎልድማን ሽልማትን የተቀበሉት በሚቀጥለው ወር ነው። ከተሸላሚዎቹ ሁሉ በሰዎች ኑሮ ላይ ቀጥተኛ ለውጥ ያስከተለው የቦጎታው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለውጡን ያመጣው ግን ፍርዱና ሚዛኑ ነበሩ፣ ሽልማቱ ተከትሎ የመጣ ነው።

የንግድ ድርጅቶች

ለኩባንያዎችም ከሚሰጡት አዳዲስ ሽልማቶች ገኖ የወጣው የብሪታንያው ልዑል ዊሊያም በ2020 ያስተዋወቁት የአርዝሾት ሽልማት ሲሆን፣ ከአምስቱ ዘርፎች አንዱ ከቆሻሻ የጸዳ ዓለም መገንባትን ይመለከታል፤ አሸናፊው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ያገኛል። በ2021 ከሱፐርማርኬቶችና ከምግብ ማዘጋጃዎች የሚተርፈውን ምግብ ለችግረኞች የምታደርሰው የሚላኖ ከተማ፣ በ2022 ከባሕር አረም ማሸጊያ የሚሠራው ኖትፕላ፣ በ2025 የሌጎስ የፋሽን ሳምንት በዚህ ዘርፍ አሸንፈዋል። ኬንያዊቷ መሐንዲስ ንዛምቢ ማቴ ፕላስቲክን ከአሸዋ ጋር አጋግለው የመንገድ ንጣፍ ጡብ በማምረታቸው በ2020 ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የወጣቶች ሽልማትን አግኝተዋል። በዚህ ዘርፍ ዳኞች አዲስ ፈጠራን አብልጠው የመውደድ ዝንባሌ አላቸው፤ አዲስ ማሸጊያ የፈጠረ ይሸለማል፣ ማሸጊያውን ጨርሶ የተወ ግን መድረክ ላይ የሚያሳየው ዕቃ የለውም። አንድ ኩባንያ ከምርቱ ጥቂት ክፍል ብቻ አሻሽሎ ሽልማቱን በማስታወቂያው ሁሉ ላይ ሲለጥፍ ደግሞ «አረንጓዴ ቀለም መቀባት» ይባላል፤ ይህን ለመከላከል ጠንቃቃ ሸላሚዎች የድርጅቱን ጠቅላላ የቆሻሻ መዝገብ በገለልተኛ ወገን ያስመረምራሉ።

በኢትዮጵያ

አዲስ አበባ ውስጥ ዳግም መጠቀም ከማንኛውም ሽልማት የቀደመ ኑሮ ነው። ቆራሌው ጆንያውን ተሸክሞ በየሰፈሩ እየተጣራ አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና የተሰበረ ዕቃ ይገዛል፤ ልዋጭ ባዩ በአሮጌ ልብስና ጫማ ፋንታ ሳፋ ወይም ሲኒ ይሰጣል፤ የተሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ተቀዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ ባዶው ሃይላንድ ታጥቦ ዘይት ይሞላበታል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ በሣጥን እየተመለሰ ዳግም ይሞላል፣ ባዶ ያላመጣ ገዢም መያዣ ያስይዛል፤ በላንሲንክ መሰላል ይህ ከሪሳይክል በላይ የሚቀመጥ ቢሆንም፣ የተለመደ ነገር በመሆኑ ማንም ለሽልማት አያጨውም። የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶ ግን በቤተልሔም ጥላሁን አማካይነት ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል፤ በዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረቱት ሶልሬብልስ የጎማ ሶል ያላቸው ጫማዎችን ወደ ውጭ በመላክ ታውቋል፣ መሥራቿም በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ መድረክ ወጣት ዓለም አቀፍ መሪዎች ከሚላቸው መካከል ተቆጥረዋል። የተመሰገኑት ግን በሥራ ፈጣሪነታቸው እንጂ በቆሻሻ ቅነሳ ዘርፍ አልነበረም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ዙሪያ የሚኖሩና ከእርሱ የሚለቅሙ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት በዚያው አጠገብ የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ዓ.ም. ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችን የገደበ ሲሆን፣ የመስታወት ዕቃና ቆርቆሮ አምራቾችና አስመጪዎች ባዶውን በመያዣ ገንዘብ የሚመልሱበት ሥርዓት እንዲዘረጉም ይጠይቅ ነበር፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ የፌስታል ክልከላው ጠብቋል።